ጌጡ ከፓኮው ላይ ይውረድ

ሐረርን የሚያውቅ ሸዋ በርን ያውቃል። ሐረሪዎች አስመዲን በሪ ይሉታል፤ ከጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ድሮ ሲመሽ ይዘጋ ነበር። ዛሬ አይዘጋም፤ ከደጁ ያለው ገበያም ከማለዳ እስከ ምሽት አይበርድም። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ መሬት ላይ ተነጥፎ ይሸጣል። ጫት ሻጮቹ ጥላ ፍለጋ ግንቡን ተጠግተዋል። አለፍ ሲሉ ከጠረፍ ማዶ የመጣው ጨርቅ፣ ጫማና ሽቶ ተደርድሯል። ባጃጁ ሰውን ይጋፋል፣ ሰውም ባጃጁን።

በዚህ ግርግር መሃል ሱቅ በደረቴ ያንጠለጠለ ወጣት አይጠፋም። ካርቶኑን ጠጋ ብለን እንየው። ከፊት ማስቲካ፣ ከረሜላና ሶፍት አለ። ከኋላ ፓኮዎቹ ፊታቸውን ወደ መንገደኛው አዙረው ቆመዋል፤ ቀዩ፣ ነጩ፣ ሰማያዊው፣ የወርቅ ቀለም የተሰመረበት። ከፊሎቹ ላይ ሕጉ ያዘዘው የማስጠንቀቂያ ሥዕል አለ። ከጠረፍ ማዶ በመጡት ላይ ግን አንድም የአማርኛ ቃል አይገኝም። የአንዱ ፓኮ አፍ ተከፍቶ ሁለት ሦስት ፍሬ ሲጋራ ብቅ ብሏል፤ በፍሬ የሚገዛው እንዳይጉላላ ነው። ላይተሩ በክር ታስሮ ከካርቶኑ ጠርዝ ይወዛወዛል። ካርቶኑ ያለው በሻጩ ደረት ላይ ነው፤ ማስቲካ ሊገዛ ለሚመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ከዓይኑ ትክክል ነው። ልጁ ብሩን አውጥቶ፣ መልሱን ተቀብሎ እስኪሄድ ድረስ የሚያየው እነዚያን ቀለሞች ነው።

ሻጩን አንወቅስም። የዕለት ጉርሱን የሚፈልግ ሰው ነው፤ የሚያዞረውንም ዕቃ የሠራው እሱ አይደለም። ጥያቄያችን ከእሱ በላይ ላሉት ነው። በዚህች አገር የትምባሆ ማስታወቂያ በአዋጅ ተከልክሏል። ሬዲዮው አያስነግረውም፣ ቴሌቪዥኑ አያሳየውም፣ መንገድ ዳር ሰሌዳ አይተከልለትም። ታዲያ ያ በሸዋ በር ደጃፍ ከሰው ደረት ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ የሚዞረው ምንድን ነው? ፓኮው ራሱ ማስታወቂያ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከተከለከለ ወዲህ የቀረው የመጨረሻው ማስታወቂያ። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ይህ ማስታወቂያም ይውረድ የሚል ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ጌጥ አልባ የሲጋራ ፓኮን ማዘዝ አለበት።

ጌጥ አልባ ፓኮ ማለት ምን እንደሆነ እንግለጽ፤ ሲጋራ መከልከል የሚመስላቸው ሰዎች አሉና። ሲጋራው ይሸጣል፣ የድርጅቱም ስም በፓኮው ላይ ይኖራል። የሚነሣው ጌጡ ነው። ሁሉም ፓኮ አንድ ዓይነት ደብዛዛ ቀለም ይይዛል። ስሙ የየትም ድርጅት ይሁን በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ መጠን፣ በአንድ ቦታ ይጻፋል። አርማ የለም፣ የእንስሳ ሥዕል የለም፣ የሚያብለጨልጭ መስመር የለም። የጤና ማስጠንቀቂያው ሥዕል ግን በስፋቱ ይቀጥላል።

ይህን መጀመሪያ የደፈረችው አውስትራሊያ ናት። ሕጉን እ.ኤ.አ. በ2011 አውጥታ ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለችው። ለፓኮው የሚሆነውን ቀለም ስትመርጥ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚጠላውን በጥናት አስፈልጋ ነው፤ የተገኘው ጭቃ የመሰለ ጥቁር ቡናማ ነበር። መጀመሪያ ላይ የወይራ አረንጓዴ ተብሎ ሲጠራ የአገሪቱ የወይራ አምራቾች ማኅበር ተቃወመ፤ የፍሬያቸው ስም ከሲጋራ ጋር እንዲነሣ አልፈለጉም። ስሙም ተቀየረ። ወይራ አምራቾቹ ስለ ቀለምና ስለ ስም የተረዱትን ነገር የሲጋራ ድርጅቶችም ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ለዚህ ነው ጌጡን ላለማጣት በየፍርድ ቤቱ የተከራከሩት።

ከአውስትራሊያ ቀጥሎ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ኖርዌይና ኒውዚላንድ ተከተሉ። ነገሩ የባለጸጋ አገሮች ቅንጦት የሚመስለው ሰው ደግሞ ታይላንድን፣ ቱርክን፣ ኡራጓይንና ሳዑዲ ዓረቢያን ያስታውስ። ከሐረር ወደ ሳዑዲ የሚመላለሱ ቤተሰቦች አሉ፤ ጌጥ አልባውን ፓኮ በዚያ ገበያ በዓይኑ ያየ ሰው በሸዋ በርም አይጠፋም። ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ሞሪሸስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ጀምራለች።

ኢትዮጵያ ከዚህ መንገድ አብዛኛውን ሄዳለች፤ ይህን ሳንመሰክር ብናልፍ ግፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ኮንቬንሽን በ1996 ዓ.ም. ፈረመች፣ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 822 አጸደቀች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ብዙ አገሮች ያልደፈሩትን ደፍሯል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን አግዷል። ሺሻን ዘግቷል። ማስታወቂያና ስፖንሰርነትን አስቀርቷል። የፓኮው የፊትና የኋላ ገጽ 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ እንዲሸፈንም አዝዟል። ይህ ሁሉ በዋዛ አልተገኘም፤ የጤና ባለሙያዎች፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ እንደ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራት ለዓመታት ደክመውበታል።

የቀረው የፓኮው 30 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ድርጅቶቹ ሙሉ ውበታቸውን የሚያፈሱት እዚያ ላይ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ሲሰፋ ቀሪዋ ቦታ ይበልጥ ትደምቃለች። አሁን ያለው ፓኮ በአንድ ፊት ሁለት ቃል የሚናገር ነው። ከፊሉ ይገድልሃል ይላል፣ ከፊሉ ያምርብሃል ይላል። ሁለቱንም እንዲናገር የሚፈቅደው ደግሞ ያው አንድ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንምጣ። የመጀመሪያው የንብረት ክርክር ነው፦ ስማችንና ምልክታችን የተመዘገበ ንብረታችን ነው፣ መንግሥት ሊነጥቀን አይችልም የሚል። ይህ ክርክር በዓለም ላይ ባዶ እጁን ሲመለስ ቆይቷል። እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ አንባቢ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ታሪክ አለ።

በአዲስ አበባ ሰው ትምባሆ ሞኖፖል እያለ የሚጠራው ድርጅት በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመ የመንግሥት ድርጅት ነበር። ኋላ ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ተባለ፣ የተወሰነ ድርሻውም ወደ የመኑ ሼባ ግሩፕ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ዓለም አቀፍ ክንፍ የሆነው ጄቲአይ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ተጨማሪ ወደ 31 በመቶ የሚጠጋ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። በአገራችን የሚሸጠውን ሕጋዊ ሲጋራ የሚያመርተው እንግዲህ በዚህ ኩባንያ ባለቤትነት ሥር ያለ ፋብሪካ ነው። አውስትራሊያን ጌጥ አልባ ፓኮ ስላዘዘች በአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከከሰሱት ድርጅቶች አንዱም ይኸው ጄቲአይ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2012 ተፈረደበት። ከሰባቱ ዳኞች ስድስቱ ሕጉን ደገፉ። የፍርዱ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው፦ መንግሥት የድርጅቶቹን ምልክት ወስዶ የራሱ አላደረገም፣ አልተጠቀመበትም፣ አልሸጠውም፤ ጎጂ ዕቃ ላይ እንዴት እንደሚታይ ብቻ ገደበ። መገደብ መውሰድ አይደለም።

ሌላው የሲጋራ ኩባንያ ፊሊፕ ሞሪስም አውስትራሊያን በሌላ በር ሞክሮ በግልግል ዳኝነት ተሸንፏል። ያው ኩባንያ ትንሿን ኡራጓይን በማስጠንቀቂያው ስፋትና በፓኮ ደንቧ ከሶ እ.ኤ.አ. በ2016 ተረትቶ ለወጪዋ 7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት። የዓለም ንግድ ድርጅት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2018፣ የይግባኝ አካሉ ደግሞ በ2020 አውስትራሊያ የንግድ ስምምነትን አልጣሰችም ብለዋል። አገራችን ወደዚህ ድርጅት ለመግባት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደጅ እየጠናች ስለሆነ ይህ ውሳኔ በቀጥታ ይመለከታታል፤ ጌጥ አልባ ፓኮ በአባልነት ጥያቄዋ ላይ እንቅፋት ይሆናል የሚል ሹክሹክታ ቢነሣ መልሱ ተጽፎ ያለቀ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። መንግሥት የፋብሪካውን ድርሻ ሸጧል። ድሮ ጤና ሚኒስቴር አንድ ነገር ሲያስብ ገንዘብ ሚኒስቴር የባለቤትነት ትርፉን ያሰላ ነበር። ዛሬ ያ ማሰሪያ ተፈትቷል። በአንጻሩ የጃፓን መንግሥት ከዋናው ኩባንያ ከሲሶ የማያንስ ድርሻ በሕግ ይዞ ይኖራል። የሲጋራው ትርፍ ወደ ቶኪዮ የሚሄድ፣ ሕመሙ ግን ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚተኛ ከሆነ የኢትዮጵያ ሕግ አውጪ ለማን መወገን እንዳለበት መከራከር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ኮንትሮባንድ ነው። ይህን በጥንቃቄ ማየት ይገባናል፤ ሸዋ በር ላይ ሆኖ ኮንትሮባንድን አቅልሎ የሚናገር ሰው ገበያውን አያውቀውም። የድርጅቶቹ ክርክር እንዲህ ይላል፦ ፓኮው አንድ ዓይነት ከሆነ አስመስሎ መሥራት ይቀላል፤ ሕጋዊው ሲያስጠላ ሰው ወደሚያምረው ሕገወጥ ይሄዳል።

መጀመሪያ ኮንትሮባንዱ ከየት መጣ? ሐረር ከጅጅጋና ከድሬዳዋ መንገዶች መገናኛ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሶማሌላንድና ከጅቡቲ ጠረፍ የሚነሣው ዕቃ በዚህ ያልፋል፤ ይህ የንግድ መስመር ከእኛ ሕጎች ሁሉ ይበልጥ ያረጀ ነው። ሲጋራው በስቴካ ተጠቅልሎ በጨርቅ ጆንያ ውስጥ፣ በመኪና ወንበር ሥር፣ አንዳንዴም በሰው ልብስ ሥር ይገባል። የሚያስገባው ምክንያት ታክስ ስላልተከፈለበት ርካሽ መሆኑ፣ ጠረፉ ረጅም መሆኑ፣ ኬላው ሁሉን ማየት አለመቻሉ ነው። ከነዚህ ውስጥ የፓኮ ቀለም አንዱም የለበትም። ኮንትሮባንዱ ዛሬ የሞላው ሕጋዊው ፓኮ ባጌጠበት ዘመን ነው። አስመስሎ ለሚሠራም ያጌጠው ፓኮ አላስቸገረውም። ጌጥ አልባው ፓኮም ቢሆን ባለ ብዙ ቀለም የማስጠንቀቂያ ሥዕል፣ የታክስ ምልክትና የመለያ ቁጥር ሊይዝ ይችላል፤ ለአስመሳይ የሚያስቸግረው ይህ ነው እንጂ የድርጅቱ አርማ አይደለም።

ይልቁንስ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ዛሬ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ወይም ፖሊስ በሸዋ በር ሲያልፍ ያን ካርቶን ቢያይ ሕጋዊውን ከሕገወጡ ለመለየት እያንዳንዱን ፓኮ አንሥቶ ማገላበጥ አለበት። ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ሁሉም ያብለጨልጫል። ሕጋዊው ፓኮ ሁሉ አንድ ዓይነት ጭቃማ ቀለም ቢኖረውስ? ያኔ ቀለም ያለው ሁሉ ያለ ጥርጥር ኮንትሮባንድ ነው። ከአሥር እርምጃ ይታያል። ተቆጣጣሪው ዓይን እንጂ መሣሪያ አያስፈልገውም። ሻጩም አላወቅሁም ማለት አይችልም፣ ገዢውም እንደዚያው። ድርጅቶቹ እንቅፋት ነው የሚሉት ነገር ለሸዋ በር ተቆጣጣሪ እርዳታ ነው።

እውነት ያለበትን ስጋት ግን አንሸፍንም። ቁጥጥሩ እንዳለ ቀርቶ ሕጉ ብቻ ቢወጣ ባለቀለሙ ኮንትሮባንድ ከደብዛዛው ሕጋዊ አጠገብ ይበልጥ ደምቆ ይታያል፤ ወጣቱም ያንን ይመርጣል። ስለዚህ ሐረር ላይ የሚሠሩት ጉምሩክ፣ የሐረሪ ክልል ጤና ቢሮና ፖሊስ በአንድነት ካልቆሙ ሕጉ ለአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ብቻ የወጣ ሕግ ይሆናል። ቁጥጥሩም ከሱቅ በደረቴው ልጅ መጀመር የለበትም። ካርቶኑን ቀምቶ መሄድ ቀላል ነው፤ በማግሥቱ ሌላ ካርቶን ይቆማል። መጀመር ያለበት ስቴካውን በጅምላ ከሚያራግፈው ነው፣ እሱን ደግሞ ገበያው ያውቀዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከቅን ሰዎችም ይሰማል፦ ኢትዮጵያ ውስጥ አጫሹ ጥቂት ነው፣ ሌላ ስንት ችግር እያለ? ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ትምባሆ ተጠቃሚው 5 በመቶ መሆኑን አሳይቷል፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ነገር ግን ያ 5 በመቶ 3.2 ሚሊዮን ሰው ነው። ከዚህም በላይ አንድ ኩባንያ እንዲህ ጥቂት አጫሽ ባለበት አገር ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር ሲያፈስ ያየው ዛሬ ያለውን አጫሽ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ሕዝቧ ወጣት የሆነችውን አገር ነው ያየው። ገና ያልጀመረውን ነው የገዛው። ጌጥ አልባ ፓኮም የሚጠብቀው ይህንኑ ገና ያልጀመረውን ነው። ሃያ ዓመት ያጨሰን ሰው ፓኮው ቢያስጠላውም ሱሱ አይለቀውም፤ ይህን አንሸሽግም። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ግን ከኪሱ አውጥቶ ለጓደኞቹ የሚያሳየው የሚያምር ነገር ያጣል። ልጅ ሲጀምር የሚያጨሰው ኒኮቲኑን ፈልጎ አይደለም፤ ኒኮቲን ምን እንደሆነ ገና አያውቅም። ትልቅ ሰው መምሰልን ነው የፈለገው፣ ፓኮው ደግሞ ያንን ይሸጥለታል።

ውጤቱም ተለክቷል። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምገማ ሕጉ ከጀመረ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከታየው የአጫሾች መቀነስ ሩብ ያህሉ፣ ይኸውም 0.55 የመቶኛ ነጥብ፣ ከአዲሱ ማሸጊያና ከሰፉት ማስጠንቀቂያዎች የመጣ ነው ተብሏል። በሰው ሲቆጠር ከ108 ሺህ በላይ ነው። ተአምር አይደለም። ግን በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በሚገድል ነገር ላይ ማሸጊያና ማስጠንቀቂያ በመቀየር ብቻ መቶ ሺህ ሰው ከማጨስ ማዳን ከተቻለ የማያደርገው መንግሥት ምን ሰበብ ያቀርባል?

የአምራች ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች እንጀራም ይነሣል። ጌጥ አልባ ፓኮ ፋብሪካ አይዘጋም፤ የሸዋ ሮቢትና የብላቴ እርሻ በፓኮ ቀለም አይደርቅም። በዚህ ላይ ረጅም ክርክር የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የፍሬ ሽያጭ ነው። በሸዋ በር፣ እንዲሁም በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ ብዙው ወጣት ፓኮ አይገዛም። አንድ ፍሬ ገዝቶ፣ በታሰረው ላይተር ለኩሶ፣ ይሄዳል። ፓኮ የማይገዛን ሰው የፓኮ ሕግ ምን ያደርገዋል? ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ ፓኮውን ባይገዛም ያየዋል፤ ካርቶኑ ላይ የሚደረደረው ለእሱ ነው፣ የሚጠራውም በስሙ ነው፦ ኒያላ ስጠኝ፣ ሮዝማን ስጠኝ። ሁለተኛ፣ ሕጉ ከፓኮው አልፎ ወደ ፍሬው መውረድ ይችላል። አውስትራሊያ ፍሬው ላይ አርማ እንዳይታተም አድርጋለች። ካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምራ በእያንዳንዱ ሲጋራ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዛለች፤ ከጽሑፎቹ አንዱ በሳቡት ቁጥር መርዝ እንዳለ የሚናገር ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ሕግ ከካናዳ ይልቅ ለእኛ የተሠራ ይመስላል። እዚያ ሰው ፓኮ ይገዛል፣ እዚህ ፍሬ ይገዛል። የእኛ ሕግ አውጪዎች ከካናዳ ይህን ቢወስዱ ለሸዋ በር ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። የፍሬ ሽያጩም ራሱ መቆም አለበት፤ ልጅን ወደ ሱስ የሚያስገባው መግቢያ እሱ ነውና።

ዋጋውም አይዘንጋ። ድርጅቶች በጌጥ መወዳደር ሲያቅታቸው በዋጋ ይወዳደራሉ፤ ርካሽ ሲጋራ ይበዛል። ይህ በሌሎች አገሮች የታየ ነው። ስለዚህ ጌጥ አልባ ፓኮ ከታክስ ጋር መሄድ አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በፋብሪካው ዋጋ ላይ 30 በመቶ፣ በተጨማሪም በአንድ ፓኮ 8 ብር ጥሎ ነበር። መርሁ ትክክል ነው። ነገር ግን በብር የተቆረጠ ታክስ ብሩ ሲረክስ አብሮ ይረክሳል፤ በየዓመቱ ከገበያው ጋር እየታየ ከፍ ካላለ ትርጉም ያጣል።

ስለ ሲጋራዎቹ ስሞችም ጥቂት እንበል፣ በዚህ ላይ ቅሬታችን የቆየ ነው። የደጋው ኒያላ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። በአሥር ሳንቲማችን ላይ ቀርጸነው ስንኮራበት ኖረናል። ሌላ ሲጋራ ስሙን የወሰደበት ግስላም የጫካችን ግርማ ነው። አንድ የኢትዮጵያ ልጅ ኒያላ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሚሰማው የት ነው? በትምህርት ቤት መጽሐፍ ቢሆን ደስ ባለን። ብዙዎቹ የሚሰሙት ከሱቅ በደረቴ ካርቶን አጠገብ ነው። የአገር ውበት ለሳንባ ካንሰር ጌጥ ሆኖ መዋሱ ያሳፍረናል። ስሙን ሕጉ ሊያስቀረው ባይችል እንኳ ሥዕሉንና ቀለሙን ሊያስቀር ይችላል።

ይህች አገር ከትምባሆ ጋር ያላት ሙግት አዲስ አይደለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ ያጤሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ይነገራል። ያን ጭካኔ ማንም አይመኘውም። በኦርቶዶክሱም በእስልምናውም ቤት ሲጋራ ሲወገዝ ኖሯል፤ በሐረር የጀጎል ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን ከጭሱ ለማራቅ የሚናገሩትን ምክር እኛም ሰምተነዋል። አሁን የምንጠይቀው የማንንም አካል የማይነካ፣ የማንንም መብት የማይገፍ፣ ማንንም የማያስር ሕግ ነው። የሚቆረጠው የአንድ ካርቶን ጌጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጌጥ አልባ ፓኮንና ጌጥ አልባ ፍሬን የሚያዝ ረቂቅ እንዲያዘጋጁ፣ የማዕቀፍ ኮንቬንሽኑ አንቀጽ 5.3 እንደሚያዝዘውም ረቂቁ ሲዘጋጅ የትምባሆ ድርጅቶች እጅ እንዳይገባበት እንዲጠብቁ እንጠይቃለን። የማስጠንቀቂያው 70 በመቶ አይነካ፣ በየፍሬው ላይ ማስጠንቀቂያ ይታከል። ለፋብሪካውና ለነጋዴው መሸጋገሪያ አንድ ዓመት ይበቃል፤ አውስትራሊያም የሰጠችው ይህንኑ ያህል ነው። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት ፌዴራሉን ሳይጠብቅ ዛሬ ማድረግ የሚችለው አለ፦ አሁን ያለው አዋጅ በሸዋ በር በሥራ ላይ እንዲውል ማድረግ፣ ማስጠንቀቂያ የሌለው ፓኮ በጀጎል ግንብ ጥላ ሥር እንዳይሸጥ ማድረግ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሸጠውን ማስቆም።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ወደ ሐረር ስትመጡ ከጀጎል ጉብኝታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ በሸዋ በር ቁሙ። አንዱን ካርቶን ተመልከቱ፣ ከፊቱ የቆመውንም ልጅ ተመልከቱ። ሰባውን በመቶ ምክር ቤታችሁ በ2011 ዓ.ም. ወስኖታል። የቀረው 30 ነው።